በአንድ ግቢ አሥራ ስድስት ተማሪ፦ ባሕር ዳር ላይ የተማሪ ኪራይ ቤት አሠራር

ባሕር ዳር ላይ ለተማሪ የሚከራይ ቤት ሲሠራ የተለመደው መንገድ አንድ ነው። በአጥሩ ሥር ረጅም ተራ ክፍል ይዘረጋል፣ የሁሉም በርና መስኮት ወደ አንድ ጠባብ መተላለፊያ ይዞራል፣ ጫፍ ላይ ሽንት ቤት፣ መሐል ላይ ቧንቧ ይተከላል። ግንባታው ርካሽ ነው፣ ኪራዩም ቶሎ ይጀመራል። እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ በከሰዓት በኋላ ሙቀት ብትገቡ ግን በሩ ሁሉ ዝግ፣ መጋረጃው ሁሉ የወረደ ነው። የአንዱ ስልክ ለአምስት ክፍል ይሰማል፤ አምስቱም ክፍል ግን የሰውየውን ስም አያውቅም።

ይህ የተማሪዎቹ ጠባይ ያመጣው አይደለም። በሩን በከፈተ ቁጥር አልጋው ለአላፊ አግዳሚው የሚታይበት ልጅ በሩን ይዘጋል። ብቻውን መሆን ያልቻለ ሰው ከሌላው ጋር መሆንም ይሰለቸዋል። ስለዚህ ተማሪ የሚቀራረብበት ግቢ መሥራት የሚፈልግ አከራይ ከሳሎኑ በፊት የአልጋውን ጥግ ማስተካከል አለበት። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ የተጻፈው 20 በ25 ሜትር በሆነ ቦታ ላይ 16 ተማሪ ለማኖር ላሰበ ባለ ይዞታ ነው። ቦታው ያነሰ ከሆነ ያንኑ አሠራር ወደ ፎቅ መውሰድ ይቻላል። አስቀድማችሁ ተራ ክፍል ከሠራችሁም የዚህ ጽሑፍ መጨረሻ ለእናንተ ነው።

1. ከፕላኑ በፊት ተከራዩን እወቁ

ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የሆኑት ፖሊ (ፖሊቴክኒኩ) እ.ኤ.አ. በ1963፣ ፔዳ (የመምህራን ማሠልጠኛው ፔዳጎጂ አካዳሚ) ደግሞ በ1972 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ይህች ከተማ የተማሪ ከተማ ናት። ሆኖም «ተማሪ» ብሎ በጅምላ ማሰብ ፕላኑን ያበላሻል። ክፍል የሚከራዩት ብዙ ዓይነት ናቸው።

ከወረዳ መጥተው ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የአንድ አገር ልጆች ወይም ወንድምና እህት ሆነው ነው የሚከራዩት። እንጀራ፣ ሽሮና በርበሬ ከቤታቸው በስንቅ ይመጣላቸዋል። የሚያስፈልጋቸው አይጥ የማይደርስበት ደረቅ መደርደሪያና የሚያበስሉበት ቦታ ነው። ቀን ሠርቶ ማታ የሚማረው የኤክስቴንሽን ተማሪ ማታ 3 ሰዓት ገብቶ ንጋት ላይ ይወጣል፤ እሱ የሚፈልገው እንቅልፍ ብቻ ነው። የድኅረ ምረቃው ተማሪ ጠረጴዛና ዝምታ ይሻል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ለክረምት ትምህርት የሚመጡ መምህራን አሉ፤ እነሱ ቤተሰብ ያላቸው ትልልቅ ሰዎች ስለሆኑ ለብቻ የሚሆን ክፍል ይጠይቃሉ።

አንድ ውሳኔ እዚህ ላይ ወስኑ። በግቢው ውስጥ ሁሉም ዓይነት ይደባለቅ፤ በአንድ በረንዳ ላይ ግን የሚመሳሰል የመኝታ ሰዓት ያላቸውን አስቀምጡ። ቦታው ለየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚቀርብም ተመልከቱ። ለዘንዘልማ ግቢ ተማሪ አባይ ማዶ ይቀርበዋል፣ ለፔዳና ለፖሊ ደግሞ ከተማው ውስጥ ያለው ሰፈር ይመቻል። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ተማሪው በብስክሌት ይሄዳል፤ የብስክሌት ማቆሚያ ከመጀመሪያው ፕላኑ ላይ ይግባ።

2. አሥራ ስድስቱን በአራት ምድብ ክፈሉ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ልትሠሩ ብትችሉ ይህን ሥሩ።

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድሩ ባውም እና ስቱዋርት ቫሊንስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ በስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓይነት የተማሪ መኖሪያ አነጻጽረው ነበር። በአንዱ 34 ያህል ተማሪ በአንድ ረጅም ኮሪደር ላይ ይኖራል፤ መታጠቢያውም ማረፊያ ክፍሉም ለሁሉም አንድ ነው። በሌላው ከ4 እስከ 6 የሚሆኑ ተማሪዎች የራሳቸው መታጠቢያና ትንሽ ሳሎን አላቸው። ለእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው ስፋት በሁለቱም ተቀራራቢ ነበር። የኮሪደሩ ነዋሪዎች ግን መጨናነቅ ይሰማቸው ነበር፤ ከጎረቤቶቻቸው ይሸሹ ነበር፤ ከመኖሪያቸው ውጭ እንኳ ከማያውቁት ሰው ራቅ ብለው ይቀመጡ ነበር። ያጨናነቃቸው ሳይፈልጉ በየደቂቃው ከማያውቁት ሰው ጋር መገናኘታቸው ነው።

ወደ እኛ ግቢ ስንመልሰው እንዲህ ይሆናል። ሁለት ክፍል፣ በየክፍሉ ሁለት ተማሪ፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል አንድ ሽንት ቤትና አንድ ሻወር፣ ከፊት ለፊት የአራቱ ብቻ የሆነ በረንዳ። ይህ አንድ ምድብ ነው። አራት ምድብ አንድ ግቢ ይሆናል። ሽንት ቤቱን ለአራት ሰው ማድረግ የቧንቧ ወጪ ይጨምራል፤ ይህን አልሸሽግም። ነገር ግን ለአራት ሰው የሆነ ሽንት ቤት ማን እንዳቆሸሸው ይታወቃል፣ ስለዚህም ይጸዳል። ለአሥራ ስድስት የሆነው የማንም አይደለም፤ ማጠቡ በአከራይዋ ላይ ይወድቃል።

3. ቦታው ላይ በኖራ አስምሩ

ሐይቁ ከከተማው በስተ ሰሜን ስለሆነ ቀን ቀን ከዚያ የሚነሳውን ነፋስ ቤቱ እንዲቀበል አድርጉ። ቤቱን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አስረዝሙት፤ መስኮቶቹ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይሁኑ። በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ በምዕራብ ግድግዳ ላይ ያለ መስኮት ክፍሉን ምድጃ ያደርገዋል፤ ክፍሉ የጋለበት ተማሪ ደግሞ ወይ ዘግቶ ይታፈናል፣ ወይ መጋረጃውን ገልጦ በሩን ይበረግዳል፣ ገመናውም አብሮ ይወጣል። በባሕር ዳር ሙቀትና ገመና የተያያዙ ናቸው፤ አንዱን ሳትፈቱ ሌላው አይፈታም።

በ20 በ25 ቦታ ላይ ሁለት ተራ ቤት ፊት ለፊት ይቆማል፤ በእያንዳንዱ ተራ ሁለት ምድብ። አንዱ ክፍል ከውስጥ 3 ሜትር በ4 ሜትር ከ70 ነው፣ ሽንት ቤቱና ሻወሩ 1 ሜትር ከ50 ወርድ ይይዛሉ፣ በረንዳው 1 ሜትር ከ50 ጥልቀት አለው። ግድግዳው ተጨምሮ አንዱ ተራ ወደ 16 ሜትር ተኩል ይረዝማል። ከኋላ እስከ አጥሩ 1 ሜትር ከ50 ተዉ፤ ለኋላ መስኮቱ ነፋስ የሚገባው በዚያ ነው። በሁለቱ በረንዳዎች መካከል 4 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ግቢ ይተርፋል፤ ከበር እስከ በር ሲለካ ደግሞ ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። በሮቹን ፊት ለፊት አታጋጥሙ፤ አንዱን ተራ በአንድ ሜትር ያህል ገፋ አድርጉት። በምዕራብ በኩል የሚተርፈው ቦታ ለማብሰያው፣ ለዕቃ ቤቱና ለማጥኛው ይሁን፤ የከሰዓቱን ፀሐይ እነሱ ይቀበሉት።

መሠረት ከመቆፈራችሁ በፊት ይህን ሁሉ መሬቱ ላይ በኖራ አስምሩና ሁለት ጓደኛሞች ተማሪዎች ጥሩ። በመስመሩ ውስጥ ፍራሽ ዘርጉና አንዱ ይተኛ፣ ሌላው በረንዳ በተባለው ቦታ ይመላለስ። የት ጋ እንደሚተያዩ በአሥር ደቂቃ ይነግሯችኋል። መሬቱ ጥቁር መረሬ ከሆነ የመሠረቱን ነገር ለመሐንዲስ ተዉ፤ መረሬ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳንም ይዞ ይሰነጠቃል። የግንባታ ፈቃዱንም ከከተማው አስተዳደር ቀድማችሁ ጨርሱ፤ ከአጥር የሚራቀውን ርቀት የሚወስነው እሱ ነው።

4. ክፍሉ፦ አልጋ፣ በር፣ መስኮት

ለሁለት ሰው በተሠራ ክፍል ውስጥ ሁለቱን አልጋ ትይዩ አድርጎ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ያን ጊዜ አንዱ ወደ ጎኑ ሲዞር የሌላውን ፊት ያያል። ይልቅስ ሁለቱን አልጋ በአንድ ግድግዳ ላይ በተርታ አስኬዱ። እያንዳንዱ አልጋ 2 ሜትር ነው፤ በመካከላቸው 60 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 የሆነ ቁም ሳጥን ይቁም። ድምሩ 4 ሜትር ከ60 ነው፤ ክፍሉን 4 ሜትር ከ70 ያደረግነው ለዚህ ነው። ቁም ሳጥኑ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ወደ አንዱ፣ ግማሹ ወደ ሌላው አልጋ ይከፈት፣ ሁለቱም ቁልፍ ይኑራቸው። ተኝተው አይተያዩም፤ ቁጭ ብለው ሲጫወቱ ግን ይደማመጣሉ። ሁለት ጠረጴዛ በተቃራኒው ግድግዳ ይሰለፋል፤ እያንዳንዱ 1 ሜትር ከ20 በ55 ሳንቲሜትር ይበቃዋል። በአልጋና በጠረጴዛ መካከል አንድ ሜትር ተኩል ማለፊያ ይቀራል።

በሩ ከአልጋው ራቅ ባለው ጥግ ይሁን። ማጠፊያው ግን በአልጋው በኩል ይደረግ፣ በሩም ወደ ውስጥ ይከፈት። እንዲህ ከሆነ በሩ ገርበብ ሲል መዝጊያው ራሱ አልጋውን ይከልለዋል፤ ከበረንዳ የሚያልፍ ሰው የሚታየው ባዶው ማለፊያ ብቻ ነው። አናጢው በልማዱ ማጠፊያውን በግድግዳው በኩል ሊመታ ይችላል። ቆማችሁ አሠሩ፤ ወጪው ያው ነው፣ ልዩነቱ ግን ተማሪው ቀን ላይ በሩን ከፍቶ ይቀመጣል ወይስ አይቀመጥም የሚለው ነው።

በበረንዳው በኩል ያለው መስኮት ከወለሉ 1 ሜትር ከ60 ላይ ይጀምር፣ ቁመቱ 60 ሳንቲሜትር ይሁን። ከብዙ ሰው ዓይን ከፍ ስለሚል ወደ ውስጥ አያሳይም፤ የጋለውን አየር ግን ያስወጣል። ዋናው መስኮት ከኋላ ነው፤ 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ20፣ ከወለሉ 1 ሜትር ከፍ ብሎ። ከዚያ በኩል ያለው አጥር ብቻ ስለሆነ መጋረጃው ቀኑን ሙሉ ገለል ብሎ ይውላል። ሁለቱም መስኮት ወንፊት ሽቦ ይግባላቸው። ባሕር ዳር የወባ አገር ናት፤ ወንፊት የሌለው መስኮት መብራት እንደበራ ይዘጋል፣ ክፍሉም ይታፈናል። ወንፊቱ የአጎበርን ቦታ አይተካም። በየአልጋው በላይ አጎበር የሚንጠለጠልበት መንጠቆ ግንበኛው ገና ሲለስን ያስገባ። አጎበር ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው፤ በሁለት ሰው ክፍል ውስጥ የተዘረጋ አጎበር «ተኝቻለሁ፣ አታናግሩኝ» ማለት ነው፣ ሁሉም ይረዳዋል።

የቆርቆሮው ክንፍ ከግድግዳው 90 ሳንቲሜትር ይውጣ። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ደቡብ ስታዘነብል እንኳ ይህ ክንፍ ከሥሩ አንድ ሜትር ከሩብ ያህል ግድግዳ ያጠላል፤ በሰኔ ፀሐይዋ ወደ አናት ስለምትጠጋ ከዚያም ይበልጣል።

5. ድምፅ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ድፈኑ

ብሎኬት በራሱ ድምፅ ያሳልፋል፤ ሁለቱም ፊቱ በደንብ ሲለሰን ግን ብዙ ይሻሻላል። በሁለት ምድብ መካከል ያለው ግድግዳ 20 ሳንቲሜትር ብሎኬት ይሁን።

ከዚህ የሚብሰው ችግር ግን ዓይን የማያየው ነው። በብዙ ተራ ክፍል ውስጥ ከፋፋዩ ግድግዳ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ከኮርኒሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው በታች ያለው ባዶ ቦታ ከአንደኛው ክፍል እስከ መጨረሻው አንድ ወጥ ነው። ኮርኒሱ አቡጀዲ ወይም ቀጭን ጣውላ ከሆነ ንግግሩ ወደ ላይ ወጥቶ በዚያ ባዶ ቦታ ተጉዞ ሦስተኛው ክፍል ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ግድግዳውን እስከ ቆርቆሮው አድርሱት፤ በሞራሌዎቹ መካከል የሚቀረውን ክፍተትም በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ድፈኑ። ለአንድ ግድግዳ የሚጨመረው ጥቂት ረድፍ ብሎኬት ነው። ከምታወጡት ገንዘብ ሁሉ በጣም የሚክሳችሁ ይህ ነው።

ሶኬት ከሶኬት ጀርባ ለጀርባ አታስቀምጡ፤ አንዱን ቢያንስ በ50 ሳንቲሜትር አርቁት። የበሩ ሥር ክፍተት ቢበዛ አንድ ጣት ይሁን። የሽንት ቤቱ ቧንቧ በአልጋው ግድግዳ ውስጥ አይለፍ፤ አልጋው በተቃራኒው ግድግዳ በኩል ይሁን። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ውኃ ሲለቀቅ የሚነቃ ልጅ ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ያንቀላፋል።

6. በረንዳው

መቀራረብ የሚጀመረው እዚህ ነው። ሰው ከክፍሉ ወጥቶ በአንዴ ሰው መሐል አይገባም። በሩ ላይ ቆም ይላል፣ ይቀመጣል፣ ሰላም ይላል፣ ካልፈለገ ይመለሳል። ቤቱ ለዚህ መሐለኛ ቦታ ሊሰጠው ይገባል።

በረንዳው ላይ በግድግዳው ተጠግቶ መደብ አሠሩ፤ ከፍታው 45 ሳንቲሜትር፣ ወርዱ 45 ሳንቲሜትር፣ ላዩ ሊሾ። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ባለው የሽንት ቤቱ ግድግዳ ፊት ይሁን እንጂ በማንም መስኮት ሥር አይሁን፤ የተቀመጡት ሰዎች ወሬ ለተኛው ጆሮ እንዳይደርስ ነው። የሽንት ቤቱም በር ወደ መደቡ አይዙር፤ በጎን ይከፈት። በምድቡና በሚቀጥለው ምድብ በረንዳ መካከል እስከ ወገብ የሚደርስ ግንብ ይቁም። ቆሞ ለሚያወራ አይከለክልም፤ ለተቀመጠው ግን ይከልላል። ወለሉ ከግቢው አንድ ደረጃ ከፍ ይበል፤ ያ ደረጃ ብቻውን «እዚህ ሲደርሱ ያንኳኩ» የሚል ምልክት ነው። የበረንዳው መብራት ማብሪያ ከውጭ ሳይሆን ከክፍሉ ውስጥ ይሁን።

7. የጋራው ቦታ

እ.ኤ.አ. በ1950 ሊዮን ፌስቲንገር ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ባለትዳር ተማሪዎች የሚኖሩበትን ሰፈር የተመለከተ ነበር። ጓደኝነት የተመሠረተው ከሁሉ በላይ በሮቻቸው በሚቀራረቡ ሰዎች መካከል ነበር፤ በደረጃው አጠገብ የሚኖሩትም ከላይኛው ፎቅ ሰዎች ጋር ይበልጥ ይወዳጁ ነበር። ሰው በየቀኑ በእግሩ የሚያልፍበት ቦታ ያዛምዳል።

ይህን ይዘን ሁለት ነገር እንለይ። አጭር ሰላምታ የሚፈልገው ነገር በመንገድ ላይ ይሁን፤ ረጅም ጨዋታ የሚፈልገው ከመንገድ ይውጣ። የብስክሌት ማቆሚያውና ቧንቧው ከበሩ ወደ ክፍሎቹ በሚወስደው መንገድ ዳር ይሁኑ። ሰው ብስክሌቱን ሲያስር ወይም ጀሪካኑ ሲሞላ ሁለት ደቂቃ ይቆማል፣ ይተዋወቃል፣ ይሄዳል። ቡና የሚጠጣበት ቦታ ግን ገባ ብሎ ይሁን። ደክሞት የመጣ ልጅ በሰው ፊት ሳያልፍ ክፍሉ መድረስ መቻል አለበት። በየምሽቱ ሰው መሐል አቋርጦ የሚገባ ሰው በሳምንቱ ከግቢው መውጣት ነው የሚያምረው።

ለቡናው ቦታ 3 ሜትር በ3 ሜትር ይበቃል፤ ረከቦቱና የከሰል ምድጃው ተቀምጠው ስምንት ሰው ዙሪያውን ይከብባል። አንድ የማንጎ ዛፍ ይጠለልበት። ዋርካ ግን በትንሽ ግቢ ውስጥ አትትከሉ፤ ሥሩ ሩቅ ሄዶ መሠረትና ሴፕቲክ ታንክ ይሰነጥቃል። በሦስት ጎን ክፍት ይሁን፤ የሚመጣው ሰው ማን እንዳለ ከሩቅ አይቶ መግባቱን ወይም ማለፉን እንዲወስን።

ማብሰያው አንድ ሆኖ አራት ጠረጴዛ፣ አራት ቁልፍ ያለው መደርደሪያ ይኑረው፤ ለእያንዳንዱ ምድብ አንድ አንድ። የጾም ምግብ የሚሠራበት ድስት ከፍስኩ እንዲለይ፣ የሙስሊም ተማሪውም ዕቃ በራሱ ቦታ እንዲቀመጥ መደርደሪያው ከታች እስከ ላይ የተከፋፈለ ይሁን። ይህን ያላሰበ ማብሰያ በመጀመሪያው ዓቢይ ጾም ኩርፊያ ያመጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚስብ ለብቻው መስመርና ብሬከር ይዘርጋለት። በሌላው መስመር ላይ ከተሰካ የአሥራ ስድስቱም መብራት አብሮ ይጠፋል።

አንድ ነገር ያለ ማመንታት ከልክሉ፦ በመኝታ ክፍል ውስጥ ከሰል ማቀጣጠልን። የተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ክልከላው የሚከበረው ግን ማብሰያው ሌሊትም ክፍት፣ መብራት ያለውና ዝናብ የማይደርስበት ሲሆን ብቻ ነው። በክረምት ዝናብ ውስጥ ሮጦ የሚደረስበት ማብሰያ ከሠራችሁ ከሰሉ ወደ ክፍል ይገባል። ስለዚህ ከበረንዳዎቹ እስከ ማብሰያው ድረስ ጣራው ይቀጥል።

ማጥኛ ክፍሉ በዚያው በምዕራቡ ቦታ ከማብሰያው ተቃራኒ ጫፍ ላይ ይሁን። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ስምንት ወንበር፣ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ በባትሪ ወይም በሶላር የሚበራ አምፖል። ፈተና ሲደርስ መብራት ቢጠፋ ግቢው በሙሉ እዚያ ይሰበሰባል፤ ያን ጊዜ ዝም ብሎ አብሮ ማጥናት ከጨዋታ ይበልጥ ያስተዋውቃል።

8. ውኃ፣ ልብስ፣ የሴቶቹ ወገን

ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ብናስብ 16 ተማሪ 640 ሊትር ይፈልጋል፤ የ2,000 ሊትር ሮቶ ሦስት ቀን ያቆያል። ውኃ በሚጠፋበት ሰፈር ከዚያ ከፍ ያለ አስገቡ። ከሮቶው የሚወርድ አንድ ቧንቧ ዝቅ ብሎ፣ ከፊቱ መቀመጫ ድንጋይ ተደርጎለት ይሠራ፤ ውዱእ ለሚያደርገውም እግሩን ለሚታጠበውም ይሆናል።

ሴቶችና ወንዶች በአንድ ግቢ የሚኖሩ ከሆነ ሴቶቹ በውስጠኛው ሳይሆን ለግቢው በር በሚቀርበው ተራ ይሁኑ። ማታ ሲገቡ በወንዶቹ በረንዳ ፊት አያልፉም። ሻወራቸው በምድባቸው ውስጥ ስለሆነ በፎጣ ግቢ አያቋርጡም። የልብስ ማስጫ ሁለት ይኑር፤ አንሶላና ጂንስ የሚሰጣበት በግቢው መሐል፣ የውስጥ ልብስ የሚሰጣበት ደግሞ በኋላ በኩል በቤቱና በአጥሩ መካከል ባለው ቦታ፣ ከምድቡ ብቻ በሚገባበት። ይህ ቦታ የሌላት ልጅ ልብሷን እርጥቡን ክፍል ውስጥ ትሰቅላለች፤ ግድግዳው ይሻግታል። ሴፕቲክ ታንኩ ሐይቅ ዳር ባለ ሰፈር ውኃ የማያስገባ ሆኖ ይገንባ፤ የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ ነው፣ በክረምት ደግሞ ይበልጥ ከፍ ይላል።

አከራይዋ እዚያው ግቢ የምትኖር ከሆነ መስኮቷ ወደ ተማሪዎቹ በረንዳ አይዙር። ተማሪው «እትዬ» ብሎ የሚጠራት፣ እሷም እንደ ልጇ የምታየው ቢሆን እንኳ በየግባቱና በየመውጫው የሚታይ ልጅ ተከራይ ሳይሆን ተጠባቂ ይሆናል። የግቢው በር የሚዘጋበት ሰዓት፣ የእንግዳ ነገርና የሙዚቃ ድምፅ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ የማታ ተማሪ ካለ ለየምድቡ የበር ቁልፍ ይሰጥ።

9. ተራ ክፍል አስቀድማችሁ ከሠራችሁ

አፍርሱ አልልም። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ባውም ከግሌን ዴቪስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ሥራ ለእናንተ ነው። 40 ያህል ተማሪ የሚኖርበትን ረጅም ኮሪደር ወስደው መሐል ላይ ያሉትን ሦስት ክፍሎች ማረፊያ አደረጉና በር አስገቡበት፤ አንዱ ኮሪደር የ20 የ20 ሰው ሁለት ሆነ። ነዋሪዎቹ ከዚያ በኋላ መጨናነቁ ቀለላቸው፣ ከጎረቤታቸውም ጋር ይበልጥ ተቀራረቡ።

ስምንት ክፍል በአንድ ተራ ካላችሁ ከአራተኛው በኋላ በመተላለፊያው ላይ ግንብና በር አስገቡ፤ ለሁለተኛው ወገን በሌላኛው ጫፍ መግቢያና የራሱ ሽንት ቤት ሥሩለት። ከዚያ ኮርኒሱን አንስታችሁ ከፋፋዮቹን ግድግዳዎች እስከ ቆርቆሮው አድርሱ፤ ይህ ተከራይ ሳይለቅ ክፍል በክፍል የሚሠራ ነው። የፊት መስኮቱን የታችኛውን መስታወት ወደ ውስጥ በማያሳይ አሸዋማ መስታወት ቀይሩ፣ ከኋላው ግድግዳም ነፋስ የሚያስገባ መስኮት ቅደዱ። የበሩን ማጠፊያ ማዞር የአንድ አናጢ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በየትኛውም መንገድ ብትሠሩ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት እስኪያልቅ የግቢውን መቀመጫ ሁሉ በሲሚንቶ አታስሩ። አሥር ዱካ ግዙና ተዉት። ጠዋት ጠዋት ግቢውን ስትጠርጉ ዱካው የት እንዳደረ እዩ፤ ተማሪዎቹ ማታ ማታ የሚያስጠጉበት ቦታ ፕላናችሁ ላይ ካለው ይለያል። ግንበኛውን ያን ጊዜ ጥሩትና መደቡን እዚያ አሠሩት።